የተሰረዘ ሪከርድ ስፍራ

የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ፣ በሮቸስተር ከተማ ሠርቶ በሰኔ 1988 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስተዋወቀው ኤ.ኤስ. 400፣ ከግዙፎቹ ኮምፒዩተሮች አንሶ ከጠረጴዛው ኮምፒዩተር የሚልቅ መካከለኛ መሣሪያ ሲሆን፣ ዳታቤዙ ከራሱ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋር ተዋሕዶ ስለ ተፈጠረ፣ የነጋዴውን ሒሳብና የመጋዘኑን ዕቃ ለመጠበቅ የተመረጠ ሆኖ ኖሯል፤ ወራሹም አይ.ቢ.ኤም. አይ በሚል ስም ዛሬ በሥራ ላይ ይገኛል።

በዚህ መሣሪያ ፋይል ውስጥ አንድ ሪከርድ ሲሰረዝ የሚሆነውን በቅርብ ያልመረመረ ሰው፣ ሪከርዱ ከዲስኩ ተነሥቶ ስፍራውን የለቀቀ ይመስለዋል። መሣሪያው ግን የመሰረዝ ምልክት ያኖርበታል እንጂ ስፍራውን አያስለቅቀውም። ስለዚህ 100,000 ሪከርድ ከያዘ ፋይል 90,000ው ቢሰረዝ የፋይሉ ይዞታ በዲስኩ ላይ እንደ ነበረ ይቆያል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ የሚያነበው ፕሮግራምም 10,000ውን ሕያዋን ለማግኘት ሲል የሙታኑን ገጾች ጭምር ከዲስክ ማምጣት ግድ ይሆንበታል። የሌሊቱ ሪፖርት እስከ ንጋት የሚጓተተው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው አር.ጂ.ዜድ.ፒ.ኤፍ.ኤም. የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ ሕያዋኑን ሪከርዶች አሰባስቦ ባዶውን ስፍራ ያስወግዳል፣ ቢፈለግም በቁልፋቸው ቅደም ተከተል ያሰልፋቸዋል። በልማድ ግን ፋይሉን ለብቻው ይዞ፣ ሌላው ሁሉ ወጥቶ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ 5ኛ ቨርዥን 3ኛ ሪሊዝ ወዲህ ነው ጆርናል ለሚያዝለት ፋይል ተጠቃሚዎች በሥራ ላይ ሳሉ ማካሄድ የተቻለው። ሁለተኛው መፍትሔ፣ የብራና ጸሐፊ የሳተውን ቃል ፍቆ በፍቀቱ ላይ እንደሚጽፍ፣ አዲሱን ሪከርድ በተሰረዘው ስፍራ ማስቀመጥ ነው፤ ይህም ፋይሉ ሲፈጠር ወይም ኋላ ካልተፈቀደ በቀር በቀድሞው የፋይል መፍጠሪያ ትእዛዝ ለተፈጠረ ፋይል አይሆንም፣ በኤስ.ኪው.ኤል. የተፈጠረ ሠንጠረዥ ግን ከጥንቱ ተፈቅዶለት ይወለዳል።

ከሁለቱ የትኛው እንደሚበጅ ለማወቅ አምስት ሪከርዶች ያሉትን ትንሽ ፋይል እንመልከት። 2ኛውና 4ኛው ተሰርዘው ፋይሉ በአር.ጂ.ዜድ.ፒ.ኤፍ.ኤም. ቢስተካከል፣ 5ኛው 3ኛ ይሆናል፤ አስቀድሞ የስፍራ ቁጥር 5ን ይዞ የሚፈልገው ፕሮግራም በዚያ ስፍራ ምንም አያገኝም። መስተካከሉ ቀርቶ በተሰረዘው ስፍራ መጻፍ ቢፈቀድ ደግሞ፣ ዛሬ የመጣው ሪከርድ በ2ኛው ስፍራ ይቀመጥና፣ በአመጣጥ ተራ የሚያነበው ፕሮግራም ከእርሱ በፊት ከመጡት ከ3ኛውና ከ5ኛው አስቀድሞ ያገኘዋል። የደንበኞችን ትእዛዝ እንደ አመጣጣቸው ለሚያስተናግድ ሰው ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። እንግዲህ በቁልፍ ብቻ ለሚነበብ፣ ዘወትር ለሚጻፍበትና ለሚሰረዝበት ፋይል በተሰረዘው ስፍራ መጻፍን ሳልጠራጠር እመርጣለሁ፤ በአመጣጥ ተራ ለሚነበበው ግን በሰንበት ሌሊት ሰው በሌለበት ጊዜ ማስተካከሉ ይሻላል፣ የቁልፍ ማውጫዎቹ እንደ ገና መሠራት ረጅም ሰዓት እንደሚወስድ አስቀድሞ ታስቦ።

በተሰረዙት ሪከርዶች የሚደርሰውን ጉዳት ልክ ለማወቅ መገመት አያሻም፤ የፋይሉን መግለጫ የሚያሳየው ትእዛዝ የሕያዋኑንና የተሰረዙትን ቁጥር ያወጣል። ፋይሉ ሲፈጠርም ከመቶ ስንት እጅ እስኪሰረዝ ድረስ እንደሚታገሥ ወሰን ከተሰጠው፣ ወሰኑ ታልፎ ፋይሉ በተዘጋ ጊዜ መሣሪያው ራሱ በታሪክ መዝገቡ ላይ መልእክት ይጽፋል።