የእንጦጦ ቢራቢሮዎች ቆጠራ

ቢራቢሮን የማያውቅ ሰው የለም። ይሁን እንጂ ቢራቢሮ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በዓለም ላይ ከ17,000 በላይ ዓይነት ቢራቢሮዎች አሉ። ከነዚህ መካከል ከ3,500 የሚበልጡት ለብቻቸው አንድ ወገን ናቸው። እኛ «ዘላዮች» እንበላቸው።

ዘላይ ቢራቢሮ በምን ትታወቃለች? አብዛኛውን ጊዜ ትንሽና ቡናማ ናት። ሰውነቷ ደንደን፣ ራሷ ሰፋ ያለ ነው። በራሷ ላይ ያሉት ሁለት ቀጫጭን ቀንዶች ጫፋቸው እንደ መንጠቆ ቆልመም ይላል። እንደ ሌሎቹ ቀስ ብላ አትንሳፈፍም፤ ከአበባ ወደ አበባ ዘለል ዘለል ትላለች።

የቢራቢሮ ልጅ ትል ነው። ትሉ ቅጠል በልቶ ያድጋል። ከዚያ ራሱን ሸፍኖ ይተኛል። በመጨረሻ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ታዲያ ትሉ ያገኘውን ሁሉ አይበላም። አንዱ የሎሚ ቅጠል፣ ሌላው ጎመን ይበላል። የብዙዎቹ ዘላዮች ትል ምግቡ ሳር ነው። ምግቡ ከጠፋ ቢራቢሮዋም ትጠፋለች።

ከየካ በላይ ያለው የእንጦጦ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ቀድሞ ጥድና ወይራ ነበረበት። ዛፉ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆረጠ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ገባ። ባሕር ዛፍ ለከተማው ማገዶና ማገር ሆኖ ጠቅሟል። ነገር ግን ጥቅጥቅ ብሎ ከተተከለ ከሥሩ ሳርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የቀረው የአገር ዛፍ፣ በባሕር መካከል እንዳለች ደሴት ነው።

ቢራቢሮ እንዴት ይቆጠራል? ቆጣሪው አንድ መንገድ ይመርጣል። ፀሐይ ሞቅ፣ ነፋስም ጸጥ ሲል በዝግታ ይሄዳል። በግራና በቀኙ፣ በጥቂት ሜትር ውስጥ ያየውን ብቻ ይጽፋል። በዓይኑ ያልለየውን በመረብ ይይዛል። ቀኑንና ቦታውን ይመዘግባል። ከሳምንት በኋላ በዚያው መንገድ ይመለሳል። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለው ቆጠራ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ይካሄዳል። ከቆጣሪዎቹ ብዙዎቹ በፈቃዳቸው የሚሠሩ ተራ ሰዎች ናቸው።

ይህ ምን ይጠቅማል? ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ካነሰ፣ በሳሩ ወይም በዛፉ ላይ አንድ ነገር ደርሷል ማለት ነው። ደግሞም ትል ሁሉ ወዳጅ አይደለም። እህል የሚፈጀው ተምች የእሳት ራት ልጅ ነው። ስለዚህ ትሉ የማን ልጅ እንደሆነ መለየት ያሻል። ሳይለይ መርዝ የሚረጭ ገበሬ ንቡንም ይገድላል፤ ማሩም ይቀርበታል።

ለዚህ ሥራ ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት ይበቃል። ፊደል የቆጠረ ሰው ቢራቢሮም ሊቆጥር ይችላል።

ጥያቄ
1. ዘላይ ቢራቢሮ ከሌሎቹ በምን ትለያለች?
2. ሳር ሲጠፋ ቢራቢሮ ለምን ትጠፋለች?
3. በአካባቢያችሁ ስንት ዓይነት ቢራቢሮ አለ? ቆጥራችሁ ጻፉ።