ከጆሮ ፊት ያለችው ቀዳዳ ከየት መጣች?

ባለፈው ተርም ስለ ስሜት ሕዋሳት ሳስተምር አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ከክፍል በኋላ ቀርታ ጆሮዋን አሳየችኝ። ጆሮው ከጉንጭ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ በመርፌ የተወጋች የምትመስል ትንሽ ቀዳዳ አለች። «ቲቸር፣ እናቴ እኔን አርግዛ ልብስ ትሰፋ ስለነበር ነው የተበሳው ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። ለካ ጎረቤቱ ሁሉ እናትየዋን ሲወቅስ ነው የኖረው። እኔ ዩኒቨርሲቲን 3ኛ ዓመት ላይ ባቋርጥም ስለ ፅንስ ዕድገት ተምሬያለሁና መልሱ ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት።

ነገሩ የሚጀምረው ከፅንሰት በኋላ በ4ኛው ሳምንት ነው። ያኔ ፅንሱ ቢበዛ የአተር ክክ ቢያክል ነው፤ ብዙ እናቶችም ማርገዛቸውን ገና እየጠረጠሩ ነው። ፊት የሚባል ነገር የለም። ወደፊት ጉሮሮ በሚሆነው ቱቦ ግራና ቀኝ ግን በተርታ ጉብ ጉብ ያሉ ነገሮች ይወጣሉ። እነዚህ የጉሮሮ ቅስቶች ይባላሉ። ሲቆጠሩ እስከ 6 ቢደርሱም 5ኛው ወይ አይወጣም ወይ ወዲያው ይጠፋል፤ ከውጭ ጎልተው የሚታዩት 4 ናቸው። በቅስቶቹ መካከል ከውጭ ቦይ፣ ከውስጥ ደግሞ ኪስ አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ፈተና ላይ «የሰው ፅንስ እንደ ዓሣ ስንጥብ አለው» ብሎ ይጽፋል። የለውም! ዓሣ ላይ ከእነዚህ ቅስቶች ስንጥብ ይወጣል፤ እኛ ላይ ግን አንድም ቀን አይተነፈስባቸውም። መነሻቸው ቢመሳሰልም የሚሆኑት ሌላ ነው።

እያንዳንዱ ቅስት የራሱ ልም አጥንት፣ ጡንቻ፣ የደም ሥርና ነርቭ አለው። ጡንቻው የትም ቢሄድ ነርቩን አስከትሎ ነው የሚሄደው። እኔ 4 የጭቃ ድብልብሎች ሠርቼ በየአንዳንዱ የተለያየ ቀለም ክር እቀብርበታለሁ፤ ፖስተር ስለሌለን ክሩ ነርቩ ነው። ከ1ኛው ቅስት መንጋጋና የማኘኪያ ጡንቻዎች ይመጣሉ፤ ነርቡም 5ኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። ከ2ኛው ፊታችንን የምናንቀሳቅስባቸው ጡንቻዎች ይመጣሉ፤ እነሱ የ7ኛው ነርቭ ናቸው። ፊቱ ባንድ ወገን የጠመመ ሰው አይታችሁ ይሆናል። ዐይኑን መጨፈንና እንደ ልቡ መሳቅ ያቅተዋል፤ ጥርሱን ግን አጥብቆ ይነክሳል። ለምን? የተጎዳው 7ኛው ነርቭ ነዋ፤ 5ኛው ደህና ነው። የቀሩት ቅስቶች ወደ ታች ለመዋጫና ለማንቁርት የሚሆኑ ናቸው።

ወደ ጆሮ እንመለስ። በመሃል ጆሮ ካሉት 3 ትንንሽ አጥንቶች መዶሻና መስፍ የ1ኛው ቅስት ናቸው፣ እርካብ በአብዛኛው የ2ኛው። ካርል ራይከርት የተባለ ጀርመናዊ የአሳማ ፅንስ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1837 እንዳሳየው፣ እኛ የምንሰማባቸው መዶሻና መስፍ እንሽላሊት ላይ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ናቸው። እኔ ይህን መጀመሪያ ስማር አላመንኩም ነበር። የ1ኛው ቦይ የጆሮ ቀዳዳ ይሆናል። የ1ኛው ኪስ ደግሞ መሃል ጆሮንና ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን ቱቦ ይሠራል፤ ጉንፋን የያዘው ሕፃን ጆሮው የሚመግለው በዚሁ መንገድ ነው።

የውጭው ጆሮ የሚሠራው ከ6 ትንንሽ ጉብታዎች ነው፤ 3ቱ ከ1ኛው፣ 3ቱ ከ2ኛው ቅስት። ከ6ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ይገጣጠማሉ። ሲገጣጠሙ በደንብ ያልተዘጋች ቦታ ከቀረች ያቺ ቀዳዳ ትሆናለች። የእናት መርፌ እዚያ አይደርስም። ብዙ ጊዜም በዘር የሚወርድ ነገር ነው።

ቀዳዳዋ ካላመመች ምንም አያስፈልግም፤ አትጭመቋት፣ በእንጨትም አትጎርጉሯት። ካበጠች ወይም መግል ካወጣች ግን ጤና ጣቢያ ነው። አንገት ጎን ላይ ስትወለዱ ጀምሮ ፈሳሽ የምታወጣ ቀዳዳ ወይም እብጠት ካለም ቅስቶቹ በደንብ ባለመሸፈናቸው የቀረ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የአንገት እብጠት የዕጢ ቲቢም ሊሆን ስለሚችል በግምት ቤት አትቀመጡ፣ ታዩ።

ተማሪዋ በማግስቱ ታናሽ ወንድሟን እየጎተተች መጣች። ፀጉሩን ገፋ አድርጋ ግራ ጆሮውን አሳየችኝ፤ እሱም አለው። «እሱን ስታረግዝ እኮ አልሰፋችም» አለች።