አስቀድመው የታወጁ ማክሮዎች ስለ የትኛው ማሽን ይመሰክራሉ?

በየጁቤ፣ በቢቸናና በሞጣ ሆነው የሲ ቋንቋን የሚማሩ ወጣቶች፣ በላፕቶፕ ያዘጋጁት ፕሮግራም ራስበሪ ፓይ በተባለችው ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ ስለ ምን እንደሚሳሳት ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ለሁላችሁም በአንድነት ልመልስ ወደድሁ።

ብዙዎች ኮምፓይለሩ አስቀድሞ የሚያውጃቸው ማክሮዎች የመተርጐም ሥራው ስለሚካሄድበት ማሽን የሚናገሩ ይመስላቸዋል፤ እነርሱ ግን የሚመሰክሩት ፕሮግራሙ ኋላ ስለሚሠራበት ማሽን ነው። በዲማ ጊዮርጊስ ተቀምጦ ለመርጡለ ማርያም መጽሐፍ የሚጽፍ ጸሐፊ፣ የባለቤቱን ደብር ስም እንጂ የተቀመጠበትን አያሰፍርም። ስለዚህ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር፣ ኤክስ86 ፕሮሰሰር ባለው ላፕቶፕ ላይ ሆኖ የራስበሪ ፓይ ፕሮሰሰር ለሆነው ለአርም ሲተረጉም፣ የአርምን እንጂ የኤክስ86ን ማክሮ አያውጅም።

ከሁሉ የሚከብደው፣ በግንባታው መካከል በላፕቶፑ ላይ ሠርቶ ለአርሙ የሚሆን ኮድ የሚያመነጭ ረዳት ፕሮግራም ሲኖር ነው፤ እርሱ የተተረጐመው ለላፕቶፑ ስለ ሆነ፣ ማክሮዎቹም ሆኑ የሚለካቸው መጠኖች የላፕቶፑ ናቸው። «ሎንግ» የተባለው ዓይነት በ64 ቢት ሊኑክስ 8 ባይት ሲሆን በ32 ቢት አርም 4 ነው፤ «ቻር» ደግሞ በኤክስ86 ሊኑክስ ከዜሮ በታች መውረድ ሲችል በአርም ሊኑክስ አይችልም፤ ይህም ልዩነት ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ውጤትን ያበላሻል።

መድኃኒቱ ራሱን የአርሙን ኮምፓይለር መጠየቅ ነው፦ ባዶ የሲ ፋይል ሰጥታችሁ፣ ሰረዝ ትንሹ ዲ ትልቁ ኤም፣ ቀጥሎም ሰረዝ ትልቁ ኢ ብትጽፉ፣ ማክሮዎቹን በሙሉ ይዘረዝርላችኋል። ረዳቱ ፕሮግራም ከዚያ ዝርዝር ያንብብ እንጂ ከራሱ አይገምት።

ጥያቄ ያላችሁ፣ የኮምፓይለራችሁን ስምና የስሕተቱን መልእክት ሳታሳጥሩ ከዚህ በታች ጻፉልኝ።