የጉዞ ሞተር ሳይክል ሲመርጡ፦ ከማሽኑ በፊት የራስዎን አነዳድ ይለኩ

ሞተር ሳይክል የሚወዱ ሁለት ኢትዮጵያውያን በዋሽንግተንም ሆነ በፍራንክፈርት፣ በዱባይም ሆነ በስቶክሆልም ሲገናኙ፣ ሰላምታው ሳያልቅ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ስንት ሲሲ ነው?» የሞተር ይዘት በቁጥር የሚነገር፣ ለማወዳደር የሚመች፣ በተወሰነ ደረጃም ለኩራት የሚሆን ነገር በመሆኑ ጥያቄው አያስገርምም። ሆኖም ለረጅም ጉዞ የሚሆን ሞተር ሳይክል ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ቢያነሳው ይሻለዋል።

ይህን የተረዳሁት ከመማሪያ መጽሐፍ አይደለም። በጀርመን የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ ከቁመቴም ከልምዴም በላይ የሆነ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዛሁ። አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬን ከኋላ አስቀምጬ፣ የጎን ሳጥኖቹን ሞልቼ ነዳጅ ማደያ ገባሁ። የቆምኩበት መሬት ወደ ግራ ትንሽ ያዘነበለ ነበር። እግሬ መሬት ፈልጎ አጣ፤ ሞተሩም ቀስ እያለ ዘመመና ሁለታችንንም ይዞ ወደቀ። ፍጥነታችን ዜሮ ነበር። የጓደኛዬ የእጅ አንጓ ግን ተሰብሮ ለስድስት ሳምንት በጀሶ ታሰረ። ሞተሩ አንዳች ጉድለት አልነበረበትም፤ ስህተቱ የእኔ ምርጫ ነበር።

ሦስት ቤተሰቦች

ለጉዞ ተብለው የሚሸጡት ሞተር ሳይክሎች በአብዛኛው በሦስት ቤተሰብ ይመደባሉ። የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ምቾት የሚባለው ነው። ሰፊ መቀመጫ፣ ትልቅ የፊት መስታወት፣ ለተሳፋሪው መደገፊያና ከአካሉ ጋር የተዋሃዱ ሳጥኖች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ሃርሊ ዴቪድሰን ኤሌክትራ ግላይድ እና በ1975 በ999 ሲሲ ሞተር ገበያ የገባው ሆንዳ ጎልድ ዊንግ የዚህ ቤተሰብ አንጋፋዎች ናቸው። የዛሬው ጎልድ ዊንግ 1,833 ሲሲ ይዘትና ስድስት ሲሊንደር ሲኖረው፣ ክብደቱ ከ360 ኪሎ ግራም በላይ በመሆኑ ወደ ኋላ የሚያስኬድ ዘዴ ተገጥሞለታል።

ሁለተኛው ስፖርት ቱሪንግ ይባላል። አሽከርካሪው ወደ ፊት ጥቂት አዘንብሎ ይቀመጣል፤ ማሽኑ በጥምዝምዝ መንገድ ላይ ቀልጣፋ፣ በፈጣን ጎዳና ላይም የተረጋጋ ነው። ያማሃ ኤፍጄአር 1300 በዚህ ምድብ ለረጅም ጊዜ የታወቀ ነው። ሦስተኛው አድቬንቸር የተባለው ነው። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ኤር 80 ጂ ኤስ መልክ የያዘው ይህ ቤተሰብ ከመሬት ከፍ ያለ ቁመት፣ ሰፊ መሪና የጠጠር መንገድን የሚችል ረጅም አሞርዛተር አለው።

ሦስቱም ሩቅ ይሄዳሉ። ልዩነታቸው የሚታየው የትኛውን መንገድ፣ ከማን ጋርና በምን ያህል ጭነት እንደሚሄዱ ሲጠየቅ ነው።

መንገድዎ የትኛው ነው?

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ወገናችን ወደ ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝ በፍሮንት ሮያል ከተማ የስካይላይን ጎዳናን ያገኛል። 169 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ የተራራ መንገድ ሲያበቃ 755 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ይቀጥላል። የመጀመሪያው የፍጥነት ወሰን በሰዓት 56፣ የሁለተኛው ደግሞ በአብዛኛው 72 ኪሎ ሜትር ነው። በአንጻሩ በጀርመን አውቶባን የሚጓዝ ሰው ለሰዓታት በ130 ሊነዳ ይችላል።

እነዚህን ሁለት ጉዞዎች በኃይል ቋንቋ እንመልከታቸው። አንድ ሰው የጫነ የጉዞ ሞተር ሳይክል በሜዳ ላይ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚያስፈልገው ከ10 የፈረስ ጉልበት አይበልጥም። በ130 ለመሄድ ግን ከ25 እስከ 30 ያህል ይፈልጋል፤ የአየር ግፊትን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚያድገው መጠን ያድጋልና። ዛሬ የሚሸጡ ትላልቅ የጉዞ ሞተር ሳይክሎች ብዙዎቹ ከ100 የፈረስ ጉልበት በላይ አላቸው። ትርፉ ኃይል ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ የጭነት መኪና ሲቀድሙ፣ ዳገት ሲወጡ፣ ሁለት ሰው ሲጭኑ ይጠቅማል። ነገር ግን ቅዳሜና እሁድን በተራራ መንገድ በዝግታ ለሚያሳልፍ ሰው ቀላል ክብደትና ምቹ መሪ ከተጨማሪ 50 የፈረስ ጉልበት የበለጠ ዋጋ አላቸው።

በጣሊያን የስቴልቪዮ መተላለፊያ 2,757 ሜትር ከፍታ ላይ ይደርሳል፤ በሰሜን በኩል ያለው መውጫ ብቻ 48 ሹል መታጠፊያዎች አሉት። በዚያ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተጠማዘዙ ለሚወጡ ሰዎች ከባድ ባለ ሙሉ ምቾት ማሽን ትከሻን ያደክማል። ያው ማሽን ግን በሰፊው አውራ ጎዳና ላይ እንደ ሳሎን ወንበር ነው።

ጭነቱን ይደምሩ

በሽያጭ ወረቀት ላይ ብዙም የማይነበብ፣ ለደኅንነት ግን ወሳኝ የሆነ ቁጥር አለ። እርሱም ማሽኑ ከነጭነቱ እንዲመዝን የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደት ነው። ከዚህ ላይ የማሽኑ የራሱ ክብደት ሲቀነስ የሚቀረው እርስዎ ሊጭኑ የሚችሉት ነው።

ቢኤምደብሊው ኤር 1250 ጂ ኤስን እንውሰድ። የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 465 ኪሎ ግራም፣ ነዳጅ ይዞ የራሱ ክብደት 249 ኪሎ ግራም ነው። ለጭነት የሚቀረው 216 ነው። አሁን እንደምር፦ አሽከርካሪው 80፣ ከኋላ የምትቀመጠው ባለቤቱ 65፣ የሁለቱ ሄልሜት፣ ጃኬትና ጫማ 16፣ ሦስቱ ባዶ ሳጥኖች ከነመያዣ ብረታቸው 20፣ በውስጣቸው ያለው ዕቃ 30። ድምሩ 211 ኪሎ ግራም ሆነ። የቀረው 5 ኪሎ ነው፤ ከዘመድ ቤት ሲመለሱ የሚቋጠርልዎ በርበሬና ሽሮ ብቻውን ይህን ይሞላዋል።

ይህ በጭነት ችሎታው የሚታወቅ ትልቅ ማሽን ነው። መጠኑ ትልቅ የሚመስል ሌላ ማሽን ከዚህ ያነሰ ሊፈቀድለት ስለሚችል ግምት አይበቃም። ወሰኑ ሲታለፍ የኋላው አሞርዛተር ይሰምጣል፣ የፊት ጎማ ከመሬት ጋር ያለው ግንኙነት ይሳሳል፣ የፊት መብራቱ ወደ ሰማይ ያያል፣ ጎማው ከልክ በላይ ይሞቃል። በተፈቀደው ልክ ሲጫንም ቢሆን የጎማውን ንፋስና የአሞርዛተሩን ሞላ የአምራቹ መመሪያ ለሙሉ ጭነት ባዘዘው መጠን ማስተካከል ያስፈልጋል። ከባድ ዕቃ ከታችና ወደ መሃል እንጂ ከኋላ በላይኛው ሳጥን ውስጥ አይቀመጥም።

በቆመበት የሚመዝነው

ነዳጅ ማደያው ውስጥ የደረሰብኝ ነገር በቀላል ስሌት ይገለጻል። የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር ሳይክል እናስብ። ቀጥ ብሎ ሲቆም በሁለት ጣት ሊያዝ ይችላል። ወደ ጎን 10 ዲግሪ ሲያዘነብል አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ባለው መሪ በኩል ለመያዝ 26 ኪሎ ግራም የሚያነሳ ያህል ኃይል ይጠይቃል። 25 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 63 ኪሎ ግራም ያድጋል። ከኋላ ሰው ሲቀመጥና ሳጥኖቹ ሲሞሉ ክብደቱም ማዕከሉም ከፍ ስለሚሉ ቁጥሩ ይብሳል። ስለዚህ ሞተር ሳይክል ማዘንበል ሲጀምር ለማስቆም ያለን ጊዜ ከአንድ ቅጽበት አይበልጥም፤ ያንን ቅጽበት የሚሰጠን መሬት በደንብ የረገጠ እግር ነው።

ክብደት ብቻውን ግን ሙሉውን አይናገርም። የጎልድ ዊንግ መቀመጫ ከመሬት 745 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የኤር 1250 ጂ ኤስ መደበኛ መቀመጫ 850 ነው። አጠር ያለ ሰው ከ100 ኪሎ ግራም በላይ በሚከብደው ጎልድ ዊንግ ላይ ሁለት እግሩን ረግጦ ሊቆም፣ በቀለለው ጂ ኤስ ላይ ግን በጣቱ ጫፍ ሊንጠለጠል ይችላል። ዝቅ ያለ መቀመጫ ከብዙ አምራቾች ስለሚገኝ ሳይጠይቁ ተስፋ አይቁረጡ።

ንፋስ፣ ሙቀትና ነዳጅ

ከ100 ወደ 130 ሲያድጉ በሰውነትዎ ላይ የሚያርፈው የአየር ግፊት ወደ 70 በመቶ ይጨምራል። ረጅም መንገድ በፈጣን ጎዳና የሚነዳ ሰው ያለ በቂ የፊት መስታወት አንገቱንና ትከሻውን ይጎዳል። መስታወቱ ከቁመትዎ ጋር ካልተስማማ ደግሞ የሚናወጥ አየር ሄልሜቱን ይመታዋል፤ ስለዚህ ቁመቱ የሚስተካከል ቢሆን ይመረጣል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጉዳዩ ሌላ ነው። የአየሩ ሙቀት ከቆዳችን ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ፣ የሚነፍሰው አየር ራሱ ሙቀት ይጨምርብናል፤ የሚያበርደን ላባችን ሲተን ብቻ ነው። በበጋ እኩለ ቀን በዚያ የሚነዳ ሰው ቆዳውን ሸፍኖ፣ ውኃ እየጠጣ፣ ሲቻልም የነከረ ሰደርያ ከጃኬቱ ሥር ለብሶ መሄድ አለበት። የሞተሩ ሙቀት በዝግታ ሲነዳ ወደ እግር የሚመጣ መሆን አለመሆኑንም በሙከራ ጊዜ ማየት ይገባል።

ስለ ነዳጅ ስሌቱ ቀላል ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር የሚጠጣና 20 ሊትር የሚይዝ ማሽን 400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ አሥር በመቶውን ለመጠባበቂያ ቢተዉ 360 ይሆናል። ወገብዎ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳያርፍ የማይችል ከሆነ ግን ትልቅ የነዳጅ መያዣ ተጨማሪ ክብደት እንጂ ጥቅም አይሆንም።

የሚያስቆመው ነገር

ለመነሻ ከምንሰጠው ትኩረት ይልቅ ለማቆሚያ የሚሰጠው ይብለጥ። በደረቅ አስፋልት፣ በጥሩ ፍሬንና በሠለጠነ እጅ፣ አንድ ሰከንድ የማሰቢያ ጊዜ ተጨምሮ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሞተር ሳይክል ለመቆም 76 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በ130 ሲሆን 118 ሜትር ይደርሳል። ፍጥነቱ በ30 በመቶ ሲያድግ ርቀቱ ከ50 በመቶ በላይ አደገ ማለት ነው።

ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ኤቢኤስ የተባለው ፍሬን በአውሮፓ ኅብረት ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑ አዳዲስ የመንገድ ሞተር ሳይክሎች ላይ ከ2016 እና 2017 ጀምሮ ግዴታ ነው። በአሜሪካ ግዴታ ስላልሆነ፣ በተለይ ያገለገለ የሚገዛ ሰው መኖሩን ራሱ ያረጋግጥ። ከዋጋው ላይ የሚቀንሱት ነገር ካለ ይህ አይሁን።

ትልቅ ያልሆነው ማሽን የሄደበት መንገድ

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 ከለንደን ተነስቶ በአራት ዓመት ዓለምን ሲዞር የያዘው 500 ሲሲ ትራያምፍ ነበር። ከሱዳን ተነስቶ ኢትዮጵያን አቋርጦ ወደ ኬንያ የወረደውም በዚያው ነው። በ2007 ተዋናዩ ኢዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ እስከ ኬፕታውን ሲጓዙ እነርሱም በኢትዮጵያ አልፈዋል፤ የያዙት ግን ከእጥፍ በላይ ይዘት ያለውን ኤር 1200 ጂ ኤስ ነበር፤ ደጋፊ መኪናዎችም ነበሯቸው። ሁለቱም ግባቸውን አገኙ። ብቻውን የሚሄድ ሰው ግን የወደቀውን ማሽን የሚያነሳለት ራሱ ብቻ መሆኑን አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

አንድ ቀን በአገር ቤት ለመንዳት የሚያልሙ ወገኖችም የከፍታን ነገር ያስታውሱ። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር የኃይሉን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። በባሕር ጠረፍ ላይ በጭንቅ የሚበቃ ሞተር በእንጦጦ ዳገት ላይ አይበቃም። ቀላል ይሁን ማለት ደካማ ይሁን ማለት አይደለም።

ከመግዛትዎ በፊት

ያለፈውን ዓመት በወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ ስንት ቀን ነዱ? ስንቱን ከሰው ጋር? ትልቁ የአንድ ቀን ርቀት ስንት ነበር? በጠጠር መንገድ በእርግጥ ወጥተዋል ወይስ ለመውጣት አስበው ነበር? ማሽን የሚመረጠው ለኖሩት ዓመት እንጂ ለተመኙት አይደለም። በአውሮፓ አዲስ ከሆኑ የኤ2 ፈቃድ እስከ 35 ኪሎ ዋት ብቻ እንደሚፈቅድም ይወቁ።

ከዚያ የመረጡትን ዓይነት ለሁለት ቀን ይከራዩ። የሚጓዘውን ጫማ ተጫምተው፣ ሳጥኖቹን ሞልተው፣ ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው አስቀምጠው ያዘነበለ መሬት ላይ ይቁሙ። ሁለት እግርዎ መሬቱን አጥብቆ ከያዘ፣ ከኋላ ያለው ሰውም ትከሻዎን ሳይጨብጥ በእርጋታ ከተቀመጠ ትክክለኛው ማሽን ያ ነው። ስንት ሲሲ እንደሆነ የዚያን ጊዜ ይጠይቁ።