በንባብ አማካይነት የድምፅ መታወክን ስለ መለየት፦ ለአርሲ ደጋ ትምህርት ቤቶች የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

አንድ ተማሪ ተነሥቶ ምንባብ ሲያነብ መምህሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዳምጠው ቃላቱን በትክክል ማንበቡን ነው። በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘናም በዋናነት የተለካው ተማሪው በአንድ ደቂቃ ውስጥ አስተካክሎ የሚያነባቸው ቃላት ብዛት ነበር። ይሁን እንጂ ያው ንባብ ሌላ ነገርም ይገልጣል፤ ይኸውም የአንባቢውን የድምፅ ጤንነት ነው። ይህ ሳይለይ ሲቀር ድምፁ የታወከ ሕፃን “ሰነፍ አንባቢ” ተብሎ ይታለፋል፤ መምህሩም የራሱን ድምፅ እስኪያጣ ድረስ ሕመሙን ልብ አይለውም።

ሀ. የችግሩ መነሻ

ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በደጋው የበጋው አየር ቀዝቃዛና ደረቅ ነው። ሕፃናት ከብት ሲያግዱና ሰብል ከወፍ ሲጠብቁ ከሸንተረር ወደ ሸንተረር ይጮኻሉ፤ መምህራንም ተማሪ በበዛበትና የጠመኔ ብናኝ ባለበት ክፍል ቀኑን ሙሉ ይናገራሉ። በማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች እየተጋጩ ድምፅ ስለሚያወጡ፣ ጩኸት ሲበዛባቸው ያብጣሉ፤ እየቆየም የገበሬ መዳፍ እርፍ በመጨበጥ እንደሚጠነክር ሁሉ ትናንሽ እባጮች ያበቅላሉ። በዚህ ጊዜ አውታሮቹ በሚገባ ስለማይገጥሙ ትንፋሽ ያመልጣል፤ ድምፁም ይሻክራል።

ለ. ምንባቡ ከቋንቋው መውጣት ስላለበት

የድምፅ ባለሙያዎች ሕመምተኛውን የተወሰነ ምንባብ በማስነበብ ያዳምጣሉ። በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በተደረገ የባለሙያዎች ጉባኤ የተነደፈው መለኪያ ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ የድምፅ አውታሮችን በተለየ መንገድ ያሠራል። እነዚህን ቃል በቃል መተርጎም ግን አይጠቅምም። ለዚህም የቻይናው ማንዳሪን ቋንቋ ጥሩ ምሳሌ ነው። በማንዳሪን “ማ” የሚለው ቃል እንደ ድምፁ አወጣጥ እናት፣ ቃጫ፣ ፈረስ ወይም መሳደብ ማለት ሊሆን ይችላል። ከአራቱ ቃናዎች ሦስተኛው ዝቅ ብሎ ስለሚወጣ በጤነኛ ሰው አንደበትም ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል። ይህን የማያውቅ አድማጭ ጤነኛውን ሕመምተኛ ያደርገዋል። ስለሆነም የማንዳሪን ምንባብ አራቱንም ቃናዎች ማካተት ይኖርበታል።

በአርሲም ጉዳዩ ተመሳሳይ ነው። አማርኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ ማንቁርት ተዘግቶ የሚወጡ ፈንጂ ድምፆች አሏቸው። አፋን ኦሮሞ በተጨማሪ በቁቤ በሁለት ፊደላት የሚጻፈው፣ ወደ ውስጥ የሚሳበው “ዸ” አለው፤ አናባቢም በማጠርና በመርዘም ትርጉም ይለያል። “ለፈ” መሬት፣ “ላፋ” ደግሞ ለስላሳ ማለት ነው። እነዚህ የቋንቋው ባሕርያት እንጂ ጉድለቶች አይደሉም። በአማርኛ የሚከተሉትን የመሰሉ ዓረፍተ ነገሮች ማዘጋጀት ይቻላል።

1. “ዘመዴ ወደ ገበያ ወረደ።” ተነባቢዎቹ ሁሉ ነዛሪ በመሆናቸው ድምፁ ሳይቋረጥ መዝለቁን ያሳያል።
2. “ቀጭኑ ጥጃ ጨው ላሰ።” ፈንጂዎቹ ስለሚበዙ ማንቁርት ተዘግቶ ሲከፈት መጨናነቅ መኖሩን ያሳያል።
3. “አያቴ እሳት አነደደች።” ቃላቱ በአናባቢ ስለሚጀምሩ የድምፁን አነሣሥ ያሳያል።

የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅንና መላላትን ስለማያመለክት “አለ”ን የመሳሰሉ አጠራጣሪ ቃላት መግባት የለባቸውም። አንባቢው በእነርሱ ምክንያት ቢያመነታ ከድምፅ ጉድለት ጋር ሊምታታ ይችላል።

ሐ. አፈጻጸም

ጸጥታ ባለበት ስፍራ አንባቢው ምንባቡን መጀመሪያ በልቡ እንዲያነበው ይደረጋል። ቀጥሎም በተለመደው የንግግር ድምፁ ያነባል። ማንበብ ያልቻለ ሕፃን እየሰማ ይደግማል ወይም ከአንድ እስከ ሃያ ይቆጥራል። ሁለት አድማጮች ሳይመካከሩ አራት ነገሮችን ይመዘግባሉ፤ እነርሱም መሻከር፣ የትንፋሽ ማምለጥ፣ መድከምና መጨናነቅ ናቸው። ጃፓናዊው ሐኪም ሂራኖ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የታወቀው መለኪያም እነዚህኑ አራቱንና አጠቃላይ የመታወኩን መጠን ከ0 እስከ 3 ያስቀምጣል፤ 0 ጤነኛ፣ 3 ከባድ ማለት ነው። የንባብ ስሕተት በሌላ ወረቀት ይመዘገባል። መምህሩ ለራሱ ያንኑ ምንባብ ሰኞ ጧትና ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንብቦ በስልክ ቢቀዳ ልዩነቱን ለመስማት ይችላል።

መ. ማጠቃለያ

ይህ ዘዴ ለመለየት እንጂ ለመፈወስ አይደለም፤ የሕመሙ ምክንያት የሚታወቀው ሐኪም ማንቁርትን በመሣሪያ ሲመለከት ነው። የአሜሪካ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ በ4 ሳምንት ውስጥ ያልተሻለ መጎርነን በዚህ መንገድ እንዲታይ ያሳስባል። የመተንፈስ ችግር፣ ደም መትፋት፣ ለመዋጥ መቸገር፣ እንቅርት ወይም ሌላ የአንገት እብጠት ከታከለበት ግን ቀን ሊቆጠር አይገባም። ከዚያ በፊት ተማሪው በንባብ ውጤቱ ባይፈረድበት፣ ጮኾ እንዲያነብ ባይገደድና ወደ ፊተኛው ወንበር ቢዛወር ይበጃል። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችም በየቋንቋው ለዚህ ተግባር የሚሆን አንድ አጭር ምንባብ ቢያካትቱ፣ መምህሩ በየዕለቱ ከሚያስነብበው ትምህርት ሳይወጣ ይህን ማከናወን ይችላል።