ከአራት ማዕዘን የሚመጣ ድምፅ፦ የኳድራፎኒክ ሸክላ ማጫወቻና አተካከሉ

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ አድባራት የማኅሌት ሌሊት የቆመ ሰው ዜማ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደማይመጣ ያውቃል። በቀኝና በግራ የተሰለፉት ሊቃውንት ፊት ለፊት ተያይተው ዜማውን ሲቀባበሉ፣ ከበሮው በመካከላቸው ሲመላለስ፣ ጸናጽሉም ከየረድፉ ሲመልስ፣ ሰሚው በድምፅ ተከቦ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጃፓንና በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ኳድራፎኒክ የተባለው የሸክላ አጫዋወት ስልት የተነሣው ይህን የመሰለውን መከበብ ሳሎን ውስጥ ለማምጣት ነው፤ አራት ቻናል፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ወደየራሳቸው ስፒከር የሚሄዱ አራት የድምፅ መስመሮች አሉት።

የሸክላ ቦይ ሁለት ግድግዳ ብቻ ስላለው አራት ድምፅ በሁለት ግድግዳ ላይ ማሳረፉ ኩባንያዎቹን ከፋፈላቸው። የአሜሪካው ሲቢኤስ «ኤስኪው»፣ የጃፓኑ ሳንስዊ ደግሞ «ኪውኤስ» ባሉት ዘዴ አራቱን ድምፅ በሁለቱ ውስጥ አጥፈው ቀረጹ፤ የታጠፈውን መልሶ የሚዘረጋው መሣሪያ ዲኮደር ይባላል፤ ይሁንና መለያየቱ ፍጹም ስላልነበረ የፊቱ ድምፅ ወደ ኋላ መፍሰሱ አልቀረም። ጄቪሲ ያወጣው «ሲዲ-4» ከሁሉም የረቀቀ ነበር። በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ የፊቱና የኋላው ድምፅ ድምር እንደተለመደው ይቀረጽና የሁለቱ ልዩነት በ30 ኪሎኸርዝ ተሸካሚ ሞገድ ላይ ይጫናል። የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ ስለማይሰማ ተሸካሚው አይታወቅም፤ መርፌው ግን እስከ 45 ኪሎኸርዝ የሚደርስ ንዝረት መከተል ስላለበት፣ ቦዩን በቀጭንና በረጅም መስመር የሚነካው ሺባታ የተባለ የመርፌ ቅርጽ ተፈጠረ። የአንዱ ኩባንያ ሸክላ በሌላው ዲኮደር በትክክል ስለማይሰማ ስልቱ ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከገበያ ወጣ፤ የሺባታ መርፌ ግን እስከ ዛሬ ይሸጣል፤ የዚያ ድካም ትልቁ ውርስም እርሱ ነው ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለውን አሮጌ መሣሪያ ደብረ ማርቆስ ላይ ለመትከል የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው የኮረንቲ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ኮረንቲ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ፣ የጃፓኑ 100 ቮልት ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይነካውም፤ ስለዚህ ፍጥነቱን ከኮረንቲው ኸርዝ የሚወስድ፣ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር እዚህ በአምስት ስድስተኛው ፍጥነት ይዞራል፤ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የሚገባው ሸክላ 37.5 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ዘፋኙ ከቅኝቱ ወርዶ፣ በፒያኖ ነጩንም ጥቁሩንም ቆጥሮ ሦስት ቁልፍ ያህል ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ ቀጭኑ ድምፅ ይወፍራል፣ ምቱም ይጎተታል። ጃፓን በራሷ ምሥራቋ 50፣ ምዕራቧ 60 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ የጃፓን ማጫወቻዎች ሁለት ዓይነት ፑሌጃ ነበራቸው፤ ለ50 ኸርዝ የሚሆነው በስድስት አምስተኛ መጠን ወፍራም ነው፤ ቺንጋውን ወደዚያ ማዛወር ችግሩን ያቃልላል።

ቀጥሎ ማጫወቻው በማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ግንበኛ በሚጠቀምበት ውሃ ልክ ይስተካከላል። የክንዱ ጭራ ላይ ያለው ክብደት ክንዱ እንደ ሚዛን በአየር ላይ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ይዞራል፤ ቁጥሩ ዜሮ ላይ ይደረግና መርፌው የሚፈልገው ጫና፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ግራም ገደማ፣ ይሰጠዋል። ጫናው ሲያንስ መርፌው በቦዩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይጎዳልና፣ ማቅለል ሸክላን ማዳን ነው የሚለው እምነት የተሳሳተ ነው። አራቱ ስፒከሮች በአራቱ ማዕዘን፣ ከሰሚው ወንበር እኩል ርቀው ይቆማሉ፤ ቀዩ ሽቦ ከቀይ፣ ጥቁሩም ከጥቁር ካልተገናኘ አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። በበጋ የጎጃም አቧራ፣ በክረምት ደግሞ የሸክላውን ካርቶን የሚያሻግተው እርጥበት አሉና ክዳንና ደረቅ ቁም ሣጥን አይቀሩለትም።

የኢትዮጵያ ሸክላ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው አምሐ ሬከርድስ ያሳተማቸው ትንንሽ የ45 ዙር ሸክላዎች ለአራት ቻናል የተሠሩ ስላልሆኑ ዲኮደሩን ማስገደድ ድምፃዊውን ከመበተን ሌላ ፋይዳ የለውም። ኋለኞቹ ሁለት ስፒከሮች ተዘግተው፣ ሸክላው የሞኖ ከሆነ «ሞኖ» የሚለው ቁልፍ ይጫናል፤ የሞኖ ዜማ የተቀረጸው በመርፌው የጎንዮሽ እንቅስቃሴ ብቻ ስለሆነ የሁለቱ ቻናሎች መደመር ወደ ላይና ወደ ታች የሚመጣውን የጭረትና የአቧራ ጫጫታ ያጣፋዋል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን ያስቀረጿቸው የ78 ዙር ሸክላዎች ደግሞ ቦያቸው ሰፊ ስለሆነ ለስቴሪዮ የተሠራው ቀጭን መርፌ ግድግዳቸውን ትቶ ወለሉን ይፍቃል፤ እነርሱ ከስቴሪዮው አራት እጥፍ ያህል የሚወፍር፣ ጫፉ 75 ማይክሮን ገደማ የሆነ መርፌ ይፈልጋሉ።