«ነገ ተመለስ»

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይላሉ አባቶቻችን። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ነገሩ እንዲሁ ነው።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ በሳይንቷ አጅባርና በቦረናዋ መካነ ሰላም ዙሪያ ያለው ደጋ በጥልቅ ሸለቆዎች የተቆራረጠ ነው። በዐይን ቅርብ የሚመስለው ማዶ በእግር ሲሄዱበት ወርዶ መውጣትን ይጠይቃል። ስለዚህ የገደል ማዶ ገበሬ ለአንዲት ማኅተም ሲል የእርሻ ቀኑን ይሰዋል።

መንግሥትን ወደዚህ ገበሬ ለማቅረብ ብዙ ተደክሟል። የ1934 ዓ.ም. ድንጋጌ አገሩን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ከፍሎ ደመወዝተኛ ገዢዎችን አቆመ። በ1958 ዓ.ም. 17 አውራጃዎች ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ቢታዘዝም፣ ገንዘብ የሚያስገኝላቸው ሕግ በምክር ቤት ሳይጸድቅ በመቅረቱ ሐሳቡ ፍሬ አላፈራም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ የገበሬ ማኅበር ከነፍርድ ሸንጎው በየቀበሌው ተቋቋመ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ የአማራ ክልል ለወረዳዎች ጥቅል በጀት መስጠት ጀመረ።

እንግዲህ ሥልጣኑም፣ ምንም እንኳ አብዛኛው ለደመወዝ የሚውል ቢሆን፣ ገንዘቡም ወደ ወረዳ ወርዷል። የቀረው ከጠረጴዛው ኋላ የሚቀመጠው ሰው ነው።

ወደ እንዲህ ያለ ወረዳ የምትመደቡ ወጣቶች ሆይ፣ «ነገ ተመለስ» ለእኛ ለከተሜዎቹ አንዲት ቀላል ቃል ናት፤ ለገበሬው ግን ሌላ ቁልቁለትና ሌላ ዳገት ናት። ጉዳዩ ዛሬ የሚያልቅ ከሆነ ዛሬውኑ ጨርሱለት። የማያልቅ ከሆነም በየትኛው ቀን፣ ምን ይዞ እንደሚመጣ ጽፋችሁ ስጡት።